ዘጠኝ ሰከንድ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ከካናዳ፣ ከኤድመንተን የመጣችው ታናሽ እህቴ በሻንጣዋ ለሁላችንም የሚሆን ነገር ይዛ ነበር። ለእናቴ ሹራብ፣ ለወንድሜ ጫማ፣ ለእኔ ሽቶ፤ ለስምንት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ደግሞ የዓሣ ጭራ። በትክክል አንብባችኋል፣ ጭራ ነው። ከወገብ ጀምሮ እስከ እግር የሚለበስ፣ እንደ ዋና ልብስ የሚለጠጥ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቅርፊት የታተመበት ጨርቅ ሲሆን ጫፉ ላይ ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ የሚገቡበት ጠንካራ የፕላስቲክ መቅዘፊያ አለው። «ሊትል ሜርሜድ» የተባለውን የዲዝኒ ፊልም፣ የ1989ኙን ወይም በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገና የተሠራውን፣ ያዩ ልጆች ካሏችሁ ከእኔ በላይ ያስረዷችኋል። ከወገቧ በላይ ሰው፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችው ልጅ ልብስ ነው።

እኔ ያደግሁት ሸቤ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሰቃን አልፋችሁ የምታገኟት የቡና ከተማ ናት፤ ወንድሜና እናቴ ዛሬም እዚያው ናቸው። ጭራው መጀመሪያ የተዋኘው በሸቤ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው። ልጅቷ ለብሳው ከሶፋ ወደ ሶፋ ስትዘል ረከቦቱን ልትገለብጠው ለጥቂት ተረፈ። ልጆቹ «አኮ» የሚሏት እናቴ ጨርቁን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ «ይሄማ ደግ ነገር ነው፤ እግሯን እስከ ጥፍሯ ይሸፍንላታል» አለች። የዋና ልብስ ነገር በቤታችን ሁልጊዜ የሚያጨቃጭቅ ነበርና ጭራው በአንድ ከሰዓት የአኮን ይሁንታ አገኘ።

ማታ ላይ ዋጋውን ስጠይቃት እህቴ እውነቱን ነገረችኝ። ለዚህች ልጅ ብላ የገዛችው አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ለራሷ ትልቋ ልጅ ገዝታው፣ ገና በወጉ ሳይለበስ የኤድመንተን ከተማ አስተዳደር በመዋኛዎቹ ውስጥ ጭራ ለብሶ መዋኘትን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ ኖሮ ልጅቷም አደገችበት። «እዚያ የተከለከለውን ነው እንግዲህ ለእኛ ያመጣሽልን?» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሁላችንም በወንድሜ መኪና ተጭነን ጅማ ወረድን። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ አዲስ አበባም ቢሾፍቱም ካየኋቸው ብዙዎች የተለየ ነገር የለውም። የገንዳው ጥልቀት የተጻፈበት ቀለም ተፍቋል። ትኬት የሚቆርጠው ወጣት ፎጣም ያድላል፣ ለስላሳም ያመጣል፣ ሙዚቃውንም ይቀይራል። ላይፍ ጋርዱ ማን እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ ነኝ» አለኝ በፈገግታ። ዋና ይችል እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ነውር መስሎኝ ነው።

እህቴ በውጭ አገር ኑሮዋ ዋና ተምራለች፤ ከልጅቷ ጋር ጥልቀት በሌለው በኩል ገባች። ውሃው ለልጅቷ ደረቷ ድረስ ነው። እኔ ዋና አልችልም፤ ስልኬን ይዤ ዳር ቆምኩ። እህቴ የልጅቷን ሆድ ከሥር ደግፋ ታንሳፍፋታለች። የእህቴ እጅ ከፎቶው አልወጣልኝ ሲል፣ «ለቀቅ አድርጊያት እስቲ፣ ብቻዋን ትታይ» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።

ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ርዝመቱ 9 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች በጣም ያምራሉ፤ ቅርፊቱ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ፀጉሯ ውሃው ላይ ይበተናል። በአራተኛው ላይ መቅዘፊያው ወደ ላይ ብቅ ይላል፣ ጭንቅላቷ ግን ብቅ አይልም። ሁለት እጆቿ ውሃውን ወደ ታች መጫን ይጀምራሉ፤ ዳር ላለ ሰው የምትጫወት ነው የምትመስለው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። በዚህ መሐል የእኔ ድምፅ ይሰማል፦ «ጎበዝ! ጎበዝ!» በስምንተኛው ሰከንድ የእህቴ ክንድ ገብቶ ይገለብጣታል። ልጅቷ አሳላት፣ ቀጥላ አለቀሰች። ሙዚቃው አልቆመም፤ ለስላሳ የያዘው ወጣት ጀርባውን ሰጥቶናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሳቁ የእኔ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ደረት ድረስ በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ አዋቂ ሰው ቆሞ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ብዙ ማንበብና መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ በሆዱ የተኛ ሰው ለመቆም ሲፈልግ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ አንዱን እግር መሬት ያስነካል፣ ሁለተኛውን ያስከትላል፤ ጭንቅላቱም በዚያው ይነሣል። ሳናስበው የምናደርገው ነገር ነው። ጭራ የለበሰ ልጅ ግን ሁለት እግር የለውም። እግሮቹ አንድ ላይ ታስረዋል፣ ጫፋቸው ላይ ደግሞ አንድ ሰፊ ሰሌዳ አለ። ጉልበቱን ለመሰብሰብ ሲሞክር ሰሌዳው ውሃውን እየገፋ መልሶ ይዘረጋዋል። በጭራ ለመዋኘት ግፊቱ ከወገብና ከሆድ ጡንቻ እንደ ዓሣ እየተጥመለመለ መምጣት አለበት፤ ይህ በልምምድ የጠነከረ አካል ይጠይቃል። ጨርቁም ውሃ ሲጠጣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የደነገጠ ልጅ በራሱ አውልቆት አይወጣም።

ሌላው ያላወቅሁት የሚሰምጥ ልጅ እንደማይጮህ ነው። አፉ ውሃ ውስጥ ነውና ለመጮህ ትንፋሽ የለውም። እጁንም አያውለበልብም፤ ለመነሣት ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ፊልም ላይ የምናየው «አድኑኝ!» የሚል ጩኸት እኔንም አሳስቶኝ ኖሯል። የምጠብቀው ድምፅ ነበር፤ ልጅቷ የሰጠችኝ ዝምታ ነው።

ወደ ውጭው ዓለም ክርክር ልመለስ፤ ምክንያቱም ክልከላውን መጀመሪያ ስሰማ የፈረንጅ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ኤድመንተን ጭራውን ለደኅንነት ሲባል ስትከለክል የተቆጡ ሰዎች ነበሩ። ጭራው ውሃ የሚፈሩ ልጆችን ወደ ውሃ የሳበ፣ ዋናን ጨዋታ ያደረገ ነገር ነው ይላሉ። እዚያው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ፣ አኳሜርሜድ የተባለ ትምህርት ቤት ጭራ እያስለበሰ በአሠልጣኝ ፊት ያስተምራል። ጠላቂዎችን በማሠልጠን በዓለም የሚታወቀው ፓዲም የሜርሜድ ኮርስ አለው። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ዊኪ ዋቺ በተባለ ምንጭ ደግሞ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶች እንደ ሜርሜድ ሆነው ውሃ ውስጥ ትርኢት ያሳያሉ። እነሱ ግን የሚተነፍሱበት የአየር ቱቦ አጠገባቸው አለ፣ ለሥራው የሠለጠኑም ናቸው። ፎቶውን የምናይ ሰዎች ቱቦውን አናይም።

በሌላው ወገን የምዕራብ አውስትራሊያ የሕይወት አድን ማኅበር ልጆችን አንዴ ያለ ጭራ፣ አንዴ በጭራ እያዋኘ አወዳድሮ ነበር። ጭራው ሲገባ የልጆቹ የመዋኘት ችሎታ ከግማሽ በላይ ወረደ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ዋና በትምህርት ቤት የሚማርባት አገር ልጆች ናቸው። የእኛዋ ልጅ የነበራት ችሎታ ለሁለት ቢካፈል የሚተርፍ ነገር አልነበረውም።

ከሁለቱ ወገን ማን ትክክል ነው ብትሉኝ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ያለ ጭራ የማይዋኝ ልጅ በጭራ አይዋኝም። የሚጨቃጨቁት ይህን ማን ያረጋግጥ በሚለው ላይ ነው። ከልካዩ ከተማ ለእያንዳንዱ ልጅ ፈተና መስጠት አልችልም ይላል፤ ትምህርት ቤቱ እኔ እፈትናለሁ ይላል። ፈታኝም ላይፍ ጋርድም ባለበት አገር ይህ ደግ ክርክር ነው። ጭራው በሻንጣ ተጭኖ ጅማ ሲደርስ ግን ፈታኙ ኤድመንተን ቀርቷል። እሽጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ እንኳ ያነበብነው ከጅማ ከተመለስን በኋላ ነው።

ለነገሩ እኛ ከውሃ ጋር ያለን ዝምድና ድሮም እንዲሁ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሲወጣ በየሻይ ቤቱ ምን እንደተባለ ታስታውሳላችሁ። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ። አሁን ግን ያ ሰው የዋኘውን 100 ሜትር በሁለት ሰዓትም ቢሆን በሕይወት የምንሻገር ስንቶቻችን ነን እላለሁ።

በሸቤ ወንዶች ልጆች ወንዝ ውስጥ ራሳቸውን በራሳቸው ዋና ያስተምሩ ነበር። ወንድሜ እንዲያ ነው የለመደው። እኛ ሴቶቹ ወንዝ የምንወርደው ልብስ ለማጠብና ውሃ ለመቅዳት ነው፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ መግባት ነውርም ክልክልም ነበር። እናቴ በቀትር ወንዝ ዳር የሚገኝ ልጅን ጋኔን ይወስደዋል ትለን ነበር። ከተማ ገብቼ ስማር በዚህ አባባሏ ስቄባታለሁ። አሁን ሳስበው እናቴ ላይፍ ጋርድ አልነበራትም፤ የነበራት ጋኔን ነው። ወንዝ ዳር አዋቂ በማይኖርበት ሰዓት ልጆቿን ከውሃ አርቆላታል።

ያች ልጅ ጭራዋን ሰቅላ ወደ ሸቤ ኑሮዋ ስትመለስም ውሃው እዚያው ይጠብቃታል። የእሸት ቡና መታጠብ ሲጀምር ማጠቢያ ጣቢያው ገንዳውና ቦዩ ይሞላል፤ የፍሳሹ ጉድጓድ ደግሞ ላዩ በቡና ልጣጭ ሲሸፈን ደረቅ መሬት ይመስላል። ክረምት ሲገባ በበጋ በድንጋይ ላይ የምትዘለው ጅረት ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ትንሽ ወረድ ሲሉ ጎጀብ አለ። ለእነዚህ ሁሉ ትኬት ቆራጭም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፤ ሩብ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ ከስድስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች መሠረታዊ ዋና ይማሩ የሚለው ለሜዳሊያ አይደለም።

ጭራ የለንም ብላችሁ እንዳትዝናኑ። ለእኔ የጭራው ታናሽ ወንድም በየቤቱ ያለው በአየር የሚነፋ ቀለበትና የክንድ ማሰሪያ ነው፤ በየመዝናኛው ደግሞ የመኪና ካላማዳሪ። ልጁን የሚይዘው አየር ስለሆነ ወላጁ እጁን ይሰበስባል፣ ስልኩን ያወጣል። ካላማዳሪ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሲገለበጥ በቀዳዳው ሾልኮ ይወርዳል፤ ጎማው ብቻውን ተንሳፎ ይቀራል። ጭራውም ቀለበቱም የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፤ አዋቂውን ከጠባቂነት ወደ ተመልካችነት ይለውጡታል። ያን ቀን እኔን ወደ ፎቶ አንሺነት ለውጦኛል።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ሶደሬም ሆነ ቢሾፍቱ ለምትሄዱ፣ እኔ ነውር ነው ብዬ የተውኩትን ጠይቁ። ላይፍ ጋርዱ ማነው? ዋና ይችላል? ሌላ ሥራ አለው? ከትላልቆቹ መካከል አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ልጁን በሚነካበት ርቀት ይሁን፤ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ሲደክመው «አሁን አንተ ነህ» ብሎ በአፉ ተናግሮ ይተካ። ሁሉም ሰው ባለበት ቦታ ሁሉም ሰው ሌላው ያያል ብሎ ያስባል። በሕይወታችሁ ጭራ ከገባ ደግሞ ልጁ መጀመሪያ በደረቅ መሬት በራሱ እጅ አውልቆት ይለማመድ። ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ይቅር፤ በተለይ ደጋግሞ በኃይል ተንፍሶ መጥለቅ ልጁን ምንም ምልክት ሳያሳይ ውሃ ውስጥ ራሱን ሊያስተው ይችላል።

ከጅማ በተመለስንበት ምሽት ወንድሜ ጭራውን እቃጥላለሁ ብሎ ተነሣ። እህቴ ጥፋቱ የጭራው አይደለም ብላ ተከራከረችው። እኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለማውቅ ዝም አልኩ። በመጨረሻ የዳኘችን ልጅቷ ናት። «ዋና ስችል ትመልሱልኛላችሁ?» አለች። ጭራው ሳሎን ውስጥ፣ ከአባቷና ከእናቷ የሠርግ ፎቶ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ውሉንም ከአሜሪካ ቀይ መስቀል መለኪያ ወስደን ጻፍነው። ከቁመቷ በላይ በሆነ ውሃ ገብታ ተመልሳ ብቅ ማለት፣ አንድ ደቂቃ መንሳፈፍ፣ ዞራ መውጫውን ማግኘት፣ ወደ 23 ሜትር መዋኘትና ያለ መሰላል መውጣት። እኛ ስድስተኛ ጨመርንበት፤ በሆዷ ተኝታ ሳለች ሰው ሳይነካት መቆም።

አሁን ወንድሜ ለቡናው ጉዳይ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጅማ ሲወርድ ይዟት ይሄዳል። ስፖርት ሳይንስ የሚማር አንድ ወጣት ያስተምራታል። ለአንድ ሰዓት ትምህርት የሚከፈለው ብር፣ ከመግቢያውና ከነዳጁ ጋር፣ ቀላል አይደለም፤ ይህን ሁሉም ቤት አይችለውም፣ ትምህርት ቤቶቻችንም ሊያግዙን በቻሉ ነበር። ወንድሜ በልጅነቱ ወንዝ ውስጥ የለመደውን ለወንድ ልጁ አስተምሮ ለሴት ልጁ ሳያስተምር ስምንት ዓመት እንዳለፈው የነገረኝ ባለፈው ወር ነው፣ እሱም በስልክ። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ በ43 ዓመቴ ጀምሬያለሁ። እስካሁን የተማርኩት ፊቴን ውሃ ውስጥ መክተትና አለመጮህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ዛሬ እስከ አርባ ተንሳፈፍኩ፤ አባዬ ነው የቆጠረው።» ፍጥነቱስ ብዬ ጠየቅኋት፣ ወንድሜ ሲቆጥር ይቸኩላልና። ሳቀች። ከኋላ የአኮ ድምፅ ይሰማል፤ ያ እግር የሚሸፍነው ነገር ከግድግዳው መቼ እንደሚወርድ ጠይቂያት ትላታለች።